ትተህልኝ የሄድካት ጣውንት

ለምሕረት አባት፣ ለኔው ሰው፤

ከተለያየን ዓመት አለፈን። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ አስቀድሞ ጤና ይጠይቃል። እኔ ግን ያንተን አልጠይቅም፤ አሁን ባለህበት አገር ሕመም እንደሌለ ዕድሜ ልካችንን ስንዘምር ኖረናል። እኔ አልፎ አልፎ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ምሕረት ደህና ናት። እናትህም ደህና ናቸው። ጣውንቴም ደህና ናት። ዛሬ የምጽፍልህም በአብዛኛው ስለ እሷ ነው።

ይህን ስም አትወደውም ነበር። ያቺን አሮጌ ሰማያዊ ፒካፕ ገዝተህ ግቢያችን ያስገባህ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሲል፣ እኔ «ወንጌል ያመነ ሰው ሁለተኛ ሚስት አመጣ» ብዬ ሰውን በሳቅ ገደልኩት። አንተ ፊትህን አኮሳተርክ። ግን ውሸት ነበር እንዴ? ጠዋት ፊትህን ሳትታጠብ ሄደህ የምታያት እሷን ነበር። እኔን «እንዴት አደርሽ» ከማለትህ በፊት የእሷን ዘይት ትለካለህ። የልብስ ሳሙናዬ ሲጠፋ፣ የፊት ቅባቴ ሲጎድል ሌባው ማን እንደሆነ ጎረቤት መጠየቅ አያስፈልገኝም። ሳሙናው፣ ጠጠር የናፍታ ማጠራቀሚያዋን ሲቀድደው ጋራዥ እስክትደርስ ቀዳዳው ላይ ይለጠፋል። ቅባቱ ደግሞ የባትሪዋ ራስ እንዳይዝግ ይቀባል። ባሏ የሷን ቅባት ለጣውንቷ ሲቀባ ቆማ ያየች ሴት በመላው ሶዶ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የቤቱን ወሬ ላስቀድምልህ። ሰፈራችን ኮብልስቶን ገብቶለታል፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ የምትሳደብበት መንገድ አሁን ጫማ አያቆሽሽም። ባጃጅ ከመብዛቱ የተነሳ ገበያ ለመሄድ መንገድ የምንሻገረው ተሳልመን ነው ማለት ይቻላል፤ እኛ የማንሳለመው ሰዎች እንኳ። ምሕረት ትምህርቷን ጨርሳ ጤና ጣቢያ ተቀጥራለች፤ ነጭ ጋወኗን ለብሳ ስትወጣ አረማመዷ ቁርጥ አንተን ነው። እኔን ደግሞ የሰፈሩ ሴቶች የአንድ ለአምስት ሰብሳቢ አድርገውኛል። ስብሰባ ላይ እንቅልፍ እንደሚወስደኝ የምታውቅ አንተ ብቻ ስለሆንክ አደራህን።

አሁን ወደ ጣውንቴ ልመለስ። የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

የቀብርህ ዕለት ዕድሩ ድንኳን ሊተክል ሲመጣ እሷ ግቢው መሀል፣ አንተ ባቆምክበት ቦታ ቆማ ነበር። ወንዶቹ ተሰብስበው ገፍተው ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር አስገቧት። እንዳትንሸራተት ብለው የእጅ ፍሬኗን እስከ ጥግ ሳቡት፤ ዝናብ እንዳያገኛትም ሸራ አለበሷት። ሸራውን ሲስቡባት ሳይ ለቅሶዬ ባሰብኝ፤ በአንድ ቀን ሁለት ቀብር መሰለኝ። ከዚያ ታላቅ ወንድምህ ጋሽ ማዳልቾ ተነሱና በዚያ ከባድ ድምፃቸው «ዓመቱ ሳይሞላ የዚህ መኪና ድምፅ እዚህ ግቢ አይሰማም። ባለቤቱ ዝም ብሏል፤ እሱም ዝም ይበል» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለሟች የሚሰጥ ክብር ነዋ። እኔም ብሆን ያን ጊዜ ያንን ድምፅ የምሰማበት አቅም አልነበረኝም።

አንተ ብትኖር ግን ከድንኳኑ መሀል ብድግ ብለህ ትጮህ ነበር። «መኪናን የሚገድላት መሄድ ሳይሆን መቆም ነው» እያልክ ስንቱን ሰው አሰልችተሃል! አንድ ሰው ለጥቂት ሳምንት አዲስ አበባ እሄዳለሁ ካለህ ምክርህን ሳይሰማ አይሄድም። የባትሪውን አንድ ራስ ንቀል። የእጅ ፍሬን አትሳብ፤ የፍሬኑ ሸራ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ይልቅ ማርሽ አስገባና ከጎማው ኋላ ድንጋይ አኑር። ጎማውን ከወትሮው ትንሽ ከፍ አድርገህ ንፋስ ሙላው። ሰው ካለህ በሳምንት አንዴ አስነስቶ ወደፊትም ወደኋላም ያንቀሳቅሳት። ይህን ሁሉ ለአገር ስትመክር ኖረህ፣ ለገዛ መኪናህ የሚያስታውስልህ ሰው ጠፋ። ሁላችንም ሐዘን ላይ ነበርን።

በጋው አለፈ፣ የበልጉ ዝናብ መጣ፣ ክረምቱም ተከተለ። የእንሰቱ ቅጠል ሸራው ላይ እየወደቀ በሰበሰ። እኔ ለሱቄ ዝንጅብልና ቅቤ ከገጠር ለማምጣት የሰው መኪና እየለመንኩ ከረምኩ። አንዱ እሺ ብሎ ይቀራል፤ ሌላው ይመጣና ጆንያዬን በዶሮ ቅርጫት ላይ ይጭንልኛል። ሱቄ ባዶ መደርደሪያ ይዞ የዋለበት ቀን ብዙ ነው። ጓሮ በወጣሁ ቁጥር ሸራውን አየዋለሁ፤ አልነካውም።

ነሐሴ ላይ ጋሽ ማዳልቾ ከአረካ አንድ ሰው ይዘው መጡ። ሰውዬው የቆሙ መኪናዎችን እየገዛ ፈታትቶ ዕቃቸውን የሚሸጥ ነው። «አንቺም ተቸገርሽ፤ ዓመቱ ሲሞላ ይውሰድና ሱቅሽን አጠናክሪበት» አሉኝ። ለክፋት አልነበረም፤ ባዶውን መደርደሪያ አይተው ነው። ሸራውን አንድ ላይ ገለጥነው። የምሕረት አባት፣ እንኳን አላየሃት። ጎማዎቿ ተነጥፈዋል። ከበሯ ሥር ሣር በቅሏል። ሰውዬው ቁልፉን ሲያዞረው አንዲት መብራት እንኳ ጭል አላለችም። ኮፈኗን ሲያነሳው አይጥ ዘላ ወጣች። ከንፈሩን መጠጠና «ይቺማ ለእርድ ናት» አለ። እኛ ዘንድ ለእርድ የታሰበ በሬ ስንት ክብር እንዳለው አንተ ታውቃለህ፤ እሱ ያለው ግን ያንን አልነበረም።

ያን ጊዜ የጋሽ ማዳልቾን ፊት አየሁት። በክብር አስቀመጥኩ ያሉት ነገር ሲበሰብስ መክረሙን አዩ። ቆባቸውን አወለቁ። እኔም ከየት እንዳመጣሁት በማላውቀው ድፍረት «እስከ ግፋታ ጊዜ ይስጡኝ» አልኳቸው። ቆባቸውን መልሰው አጠለቁ። ከዚያ «ለግፋታ በራሱ እግር እናታችን ደጅ ከደረሰ አይሸጥም። ካልደረሰ ግን ይሄ ሰውዬ ይወስዳል፤ እኔም ዝም፣ አንቺም ዝም» አሉ። ስለ ዓመቱ ዝምታ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ለምን የእናትህን ደጅ እንደመረጡ ገባኝ። በየዓመቱ የዘመን መለወጫችን ግፋታ ዋዜማ ላይ ወደ ሃላሌ ወርደህ እናትህን ታመጣቸው አልነበር? በሬው ሲታረድ ከቤተሰቡ መሀል እሳቸው ካልተቀመጡ በዓል የሚባል ነገር አልነበረም። እሳቸውም እንደሆኑ ካንተ መኪና በቀር በሌላ አልሳፈርም ብለው እርፍ ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ደግሞ በድምፅ ነው የሚያውቋት፤ ገና ከቁልቁለቱ ማዶ ስትሆን «መጣ» ይሉ ነበር አሉ።

እንግዲህ ሥራ ጀመርኩ። ማን አስተማረሽ ብለህ እንዳትጠይቀኝ።

ያን ሁሉ ዓመት በየማለዳው ስትጠራኝ አስታውስ። ገና ሰማዩ ሳይነጋጋ «የምሕረት እናት፣ ነይ እስቲ ከኋላ ቁሚልኝ!» ትላለህ። እኔ ጋቢ ተከናንቤ፣ እያጉረመረምኩ ከመኪናዋ ኋላ እቆማለሁ። «ፍሬን ይዣለሁ፣ ይበራል?» «ይበራል!» «ቀኙስ?» «ይበራል!» «ግራው?» «ይበራል፣ ልተኛበት!» ከዚያ ሞተሩን ታስነሳና «ጭሱ ምን ይመስላል?» ትለኛለህ። ከዚያ ትምህርቱ ይቀጥላል። ጥቁር ከሆነ አየር አጥሯታል፤ ማጣሪያዋ ቆሽሿል ማለት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው። ነጩ ጠዋት ትንሽ ታይቶ ከጠፋ ብርዱ ነው፤ አልጠፋ ካለ ግን ውሃ ሞተሩ ውስጥ ገብቷልና አትንጃት። ሌላ ሴት ማለዳ ከባሏ አፍ ፍቅር ትሰማለች፤ እኔ ስለ ጭስ እሰማ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሁሉም ቃል በቃል ውስጤ ቀርቷል።

ሥራውን የጀመርኩት አንተ እንደምትጀምረው ነው፤ «መፍቻ ከመያዝሽ በፊት እዪ» እንደምትለው። ቀን ሙሉ ዞሬ አየኋት። ከሥሯ የሚፈስ ነገር እንዳለ ለማወቅ ካርቶን አንጥፌ አደርኩና ጠዋት አየሁት። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዝኩ፣ በጨርቅ ጠረግኩ፣ መልሼ ከትቼ እንደገና መዘዝኩት፤ የመጀመሪያው ንባብ እንደሚዋሽ ነግረኸኛልና። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ቢመስል ኖሮ ውሃ ተቀላቅሏል፣ ነገሩ አበቃ ማለት ነበር። ጥቁር ነበር፤ አሮጌ ግን ንጹሕ ጥቁር። ብቻዬን ጓሮ ቆሜ እልል አልኩ። ጎረቤታችን አጥር ላይ ብቅ ብላ «ምን ተገኘ?» ስትለኝ ምን ብዬ ላስረዳት? «ዘይት» አልኳት። ተመልሳ ገባች።

ለከባዱ ሥራ ወዳጅህን መካኒኩን ጠራሁት። ጎማዎቹን አውልቆ የተጣበቀውን የኋላ ፍሬን በመዶሻ ቀስ እያለ ዙሪያውን መትቶ አላቀቀው። ቀጥሎ የከረመውን ናፍታ አውጥተን ጣልነው። ከማጣሪያው ሥር የተጠራቀመውን ውሃ አፈሰስኩት። አዲስ ናፍታ ከሞላን በኋላ መሥመሩ ውስጥ የገባውን አየር በእጅ ፓምፑ፣ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ እየገፋሁ አስወጣሁ። መካኒኩ «እሱ ራሱ ነው እንዴ የሚያሠራሽ?» አለኝና ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። የአየር ማጣሪያው ውስጥ አይጦቹ ከወንበሯ ስፖንጅ ጎጆ ሠርተዋል፤ ምሕረት እየጮኸች በእንጨት አወጣችው። የነከሱትን ሽቦ ኤሌክትሪሺያን ቀጠለልን። ባትሪውን ቻርጅ አስደረግን። የባትሪውን ራሶች ነጭ ሻጋታ የመሰለ ዝገት ይዟቸው ስለነበር ሙቅ ውሃ አፍስሼ በጨርቅ ፈተግኳቸው። ካሰርኳቸው በኋላ መቀባት አለባቸው። ወደ ቤት ገባሁና የፊት ቅባቴን ይዤ መጣሁ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሰረቀኝም። በጣቴ ስቀባው ያለቀስኩትን ልቅሶ ድንኳን ውስጥም አላለቀስኩትም።

ልናስነሳት ስንል ጋሽ ማዳልቾ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። መሪው ኋላ ተቀመጥኩ። ቁልፉን ግማሽ አዞርኩ፤ ሞተሩ እስኪሞቅ የምትበራው ትንሿ መብራት በራች። አንተ መብራቷ እስክትጠፋ በምትጠብቃት በዚያች አፍታ ዓይንህን ጨፍነህ «ጌታ ሆይ፣ አንተ ቅደም» ትል ነበር። «ቸኩሎ ቁልፍ የሚያዞር ሰው ባትሪም ይጨርሳል፣ ጸሎትም ያጎድላል» ትለኝ ነበር። እኔም አልኩት። መብራቷ ጠፋች። አዞርኩት፤ አጉረመረመችና ዝም አለች። ቶሎ ቶሎ እንዳልደጋግም ትንሽ አሳረፍኳት። ደግሜ አዞርኩ፤ አሁንም ዝም። በሦስተኛው ሳለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተነሳች። ምሕረት ከኋላ «እማ፣ ነጭ ነው! … ጠፋ! ጭሱ ጠፋ!» ብላ ጮኸች።

ድምፁን ሰምቶ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ጋሽ ማዳልቾ ግድግዳ ተደግፈው እንደ ልጅ አለቀሱ። ሁላችንም አለቀስን፤ ግን ይሄኛው ለቅሶ ሰውን ቀለል ያደርጋል። ያን ዕለት ማታ ከስንት ጊዜ በኋላ እራቴን ጨርሼ በላሁ።

የግፋታ ዋዜማ ደረሰ። ምሕረት ተረኛ ሆና ጤና ጣቢያ አድራለች፤ ቁልቁለቱን ዳገቱን አብረውኝ የሚሄዱት ዳኛዬ ጋሽ ማዳልቾ ናቸው። ማለዳ፣ ገና ድንግዝግዝ ሲል ኮታቸውን ለብሰው ገብተው ጎኔ ተቀመጡ። ያንተን ሥርዓት አንድም ሳላስቀር ፈጸምኩ። ዘይት፣ ውሃ፣ የፍሬን ዘይት፣ ጎማ፣ መለዋወጫ ጎማና ክሪክ። የመጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። መብራቱን ማን ይይልኝ? ታላቅ ወንድምህን «ይውረዱና ከኋላ ይቁሙልኝ» አይባል። ግራ ገብቶኝ ፍሬኑን እንደያዝኩ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። አንተ በምታቆምበት ቦታ መልሼ ስላቆምኳት ከጀርባዋ ያለው የቆርቆሮ በራችን ሁለት ቦታ ቀልቷል። እግሬን ሳነሳ ጠፋ፤ ስይዝ ቀላ። ቀኙን አበራሁ፤ በቆርቆሮው ላይ ቀኙ ብልጭ ብልጭ አለ። ግራውም እንደዚያው።

የምሕረት አባት፣ ያን ሁሉ ዓመት መኪናዋን የምታቆማት ጀርባዋን ለዚያ በር ሰጥተህ ነው። አንተ በመስታወት የማታየው ነገር የለም። ለመብራቱ ብትል እኔ አላስፈልግህም ነበር። እኔ በብርድ ስነጫነጭ አንተ ልታስተምረኝ ነበር፤ ወይም ቀኑ ሳይጀምር ትንሽ አብሬህ እንድቆም ነበር፤ ወይም ሁለቱንም። አንዴ እንኳ አልነገርከኝም። መሪው ላይ ግንባሬን ደፍቼ ቆየሁ። ጋሽ ማዳልቾ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «መብራቱ እምቢ አለ እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ ይበራል» አልኳቸውና ማርሽ አስገባሁ።

መንገዱን በሰላም ጀመርነው። ጋሽ ማዳልቾ እጀታውን ጨብጠው፣ በየመታጠፊያው የማይሰማ ጸሎት እያደረሱ ነበር። ስንት ዓመት አንተ ጎን ሲቀመጡ እንዲህ አይጨብጡም ነበር፤ አልፈረድኩባቸውም። መንጃ ፈቃዴን ስታስወጣኝ «ሴት ልጅ መሪ ይዛ ወዴት ልትሄድ?» ያሉት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ወዴት እንደምሄድ አብረው እያዩ ነው። ጠጠሩ መንገድ ከጀመረ በኋላ ረጅሙ ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ላይ መሳብ ጀመረ። ልቤ አብሮ ወጣ። ጥግ ይዤ አቆምኩና አጠፋሁ። ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት ይወጣል።

ጋሽ ማዳልቾ ፈጥነው ወረዱ። ጀሪካኑን አንስተው «ተቃጥሏል፣ ቶሎ ክዳኑን ልክፈትና ውሃ ላፍስስበት» አሉ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የባሌን ታላቅ ወንድም እጅ ያዝኩ። «ጋሽዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አይነካም» አልኳቸው። የሞቀ ራዲያተር ተከፍቶ የፈላው ውሃ የሰው ፊት ሲልጥ አይተህ ያወራኸኝ ከፊቴ ድቅን አለ። ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ ሞተር ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ብረቱ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ በእውነትም ለእርድ ነች። ኮፈኑን ብቻ አንስቼ ተውኩት። ከመንገዱ ዳር ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ገበያ የሚወርዱ ሴቶች እያለፉ «ሹፌሩ የት ሄደ?» ይሉናል። ጋሽ ማዳልቾ መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞሩ ነበር። በኋላ ግን እኔን እየጠቆሙ፣ ሁሉን ወንድ በሚያደርገው አማርኛቸው «ሹፌሩ እሱ ነው» ማለት ጀመሩ።

ክዳኑ እጅ የሚያስቀምጥ ሆኖ ሲበርድ ጨርቅ ደርቤ ቀስ አድርጌ ከፈትኩት። ውሃው ወርዷል። ሳይ ሳይ ከታች ያለው የጎማ ቱቦ፣ ብረቱ የሚያጠብቀው ቦታ ላይ እርጥብ ነው። ቆሞ የከረመ ጎማ ደርቆ ሸሽቷል። ከወንበሩ ሥር እጄን ሰደድኩ፤ ካቻቢቴህ አንተ ያስቀመጥክበት አለ። ከጎኑ ደግሞ ከጎማ ውስጥ የወጣ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ፣ እንደ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ ተቀምጧል። አንተ ነህ ያሰርከው፤ አስተሳሰርህን አውቀዋለሁ። አይጥ ሁሉን ሲበላ እሱን አልነካውም። በቱቦው ላይ ጠመጠምኩት፣ ብረቱን አጠበቅኩ፣ ከቤት ያመጣሁትን ንጹሕ ውሃ ቀስ እያልኩ ሞላሁ። ለድንገተኛ ቀን ያሰብክልኝ እጅህ ይባረክ። እዚያ መንገድ ዳር እንዳልቀር ያደረገኝ ያንተ እጅ ነው።

ቁልቁለቱን «ዳገቱን በምትወጪበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረጂ» እንዳልከኝ፣ ሞተሩ እየያዘልኝ፣ ፍሬኑን ሳላቃጥል ወረድኩ። ጋሽ ማዳልቾም እጀታውን ለቀቁ።

እናትህ ድምፁን ገና ከሩቅ ሰምተዋል። ስንደርስ ምርኩዛቸውን ይዘው ደጁ ላይ ቆመው ነበር። አንተ እንዳልሆንክ ያውቃሉ፤ የቀበሩህ እሳቸው ናቸው። በዳበሳ ወደ መኪናዋ ቀረቡ። ኮፈኑ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉና በወላይትኛ «ይሞቃል» አሉ። የቀብርህ ዕለት ያ መዳፍ ያረፈው ግንባርህ ላይ ነበር፤ ምን ያህል ቀዝቅዞ እንደነበር እኔም እሳቸውም እናውቃለን። ሌላውን እጃቸውንም ጨመሩበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልብሴ ተዘጋጅቷል፤ እንሂድ» አሉኝ። ጋሽ ማዳልቾ ደግፈው መሀል ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው። በሩን ዘግተው በመስኮቱ በኩል «የአረካውን ሰውዬ እኔ እነግረዋለሁ። አይሸጥም» አሉ።

ግፋታን እናትህ መሀላችን ተቀምጠው አከበርነው። ያንተን ድርሻ ሥጋ ጋሽ ማዳልቾ ለመካኒኩ ላኩለት። አሁን ዝንጅብሌን ራሴ አመጣለሁ፤ ሱቄም ሞልቷል። ሰዎች መኪናቸውን አቁመው ሊሄዱ ሲሉ ምክር ወደ እኔ ይመጣሉ፤ እኔም እንዳንተ አሰልቻቸዋለሁ።

ከዚያች ሴት ጋር ታርቀናል፤ ያንተን ጠረን ይዛ የቆየችልኝ እሷ ናት። አመሰግንሃለሁ፣ የኔ ሰው። ለሳሙናዬም፣ ለቅባቴም፣ ለብርዱም፣ ለጭሱም። አንተን አለመርሳቴን በምን ላሳይህ እንደምችል ብዙ አሰብኩ። ሐውልት የማሠራ ሴት አይደለሁም። ይህን ግን ቃል እገባልሃለሁ። የቆርቆሮው በር መብራቱን ያሳየኛል፤ አንተን እንዳሳየህ ሁሉ። እኔም እንዳንተ ይህን ለምሕረት አልነግራትም። ነገም ከነገ ወዲያም፣ ገና ሰማዩ ሳይነጋጋ «ምሕረት፣ ነይ እስቲ ከኋላ ቁሚልኝ!» እላታለሁ። እሷም ጋቢ ተከናንባ እያጉረመረመች ትመጣለች።

የምሕረት እናት
ከሶዶ